ሠላሳ ስምንት ስንት ነው? ስለ ሴቶች ልብስ ሳይዝ



እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሦስት የሴት ሱሪዎች ዘርግቻለሁ። አንዱ ለጀርመን ገበያ የተሰፋ ነው፤ ሁለተኛው ለፈረንሳይ፣ ሦስተኛው ለጣሊያን። በሦስቱም ላይ የተጻፈው ቁጥር 38 ነው። ወገባቸውን በሜትር ስንለካው ግን የጀርመኑ ከፈረንሳዩ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር፣ ከጣሊያኑ ደግሞ ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ሰፍቶ ይገኛል። ጀርመኖች 38 የሚሉትን ልብስ ፈረንሳዮች 40፣ ጣሊያኖች 44፣ እንግሊዞች 12፣ አሜሪካውያን 8 ይሉታል። ውጭ አገር ያለች እኅት ደውላ «ሳይዝሽ ስንት ነው?» ብላ ጠይቃ «38» ስትባል፣ የየትኛው አገር 38 እንደሆነ ካልተነገራት ምንም አልተነገራትም ማለት ነው።

ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። የአገር ልዩነት ሠንጠረዥ አለው፤ ሠንጠረዡን የያዘ ሰው ይወጣዋል። ከባዱ ነገር በአንድ አገር ውስጥ፣ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ባሉ ሱቆች፣ እንዲያውም በአንድ ድርጅት ሁለት ሱሪዎች መካከል የሚታየው ልዩነት ነው። በአንዱ ሱቅ 40 የሰፋት ሴት በሚቀጥለው ሱቅ 42 አልገባ ይላታል። መለኪያ ክፍል ውስጥ ዚፑን እየታገለች፣ ሆዷን እየሳበች ትቆይና ወጥታ የምትናገረውን ሁላችንም እናውቀዋለን። «ወፍሬያለሁ» ትላለች። ሻጩም «ትንሽ ጨምረሻል መሰለኝ» ብሎ ያጸድቅላታል። «ልብሱ ተሳስቷል» የሚል ሰው ግን እዚያ ሱቅ ውስጥ አይገኝም።

ዛሬ የመጣሁት ይህን ለመናገር ነው። በሴት ልብስ ላይ የሚለጠፈው ቁጥር የሴቲቱ አካል ልክ አይደለም፤ ሆኖም አያውቅም። አምራቹ ለልብሱ ያወጣለት ስም ነው። ስሙን ማን እንዳወጣው፣ እንዴት እንዳወጣውና ለምን እንደቀየረው የሚናገር ታሪክ አለ። ታሪኩ በደንብ ተመዝግቦ የሚገኘው አሜሪካ ስለሆነ ወደዚያ እንሂድ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ በብዛት የጀመረው ከወንድ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ለሠራዊቱ ዩኒፎርም በገፍ መስፋት ስላስፈለገ ወታደሮች ተለኩ። የደረት ስፋታቸው ከታወቀ የቀረው አካላቸው በመጠኑ ሊገመት እንደሚችል የተረዱት ልብስ ሰፊዎች፣ ከጦርነቱ በኋላ ያንኑ ዘዴ ለሲቪሉ ገበያ አዋሉት። የወንድ ሱሪ ዛሬም በወገብና በእግር ርዝመት፣ ሸሚዙ በአንገት ዙሪያ የሚሸጠው ከዚያ ልማድ ነው። ቢያንስ በመርሑ ቁጥሩ ኢንች ነው፤ ኢንች ደግሞ በሜትር ሊፈተሽ ይችላል።

ሴቶች ግን ለረጅም ጊዜ ልብሳቸውን ራሳቸው ይሰፉ ወይም ያሰፉ ነበር። ተሰፍቶ ያለቀ የሴት ልብስ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሲበራከት፣ አምራቾቹ ለትልልቆቹ ሴቶች የደረት ኢንች፣ ለወጣቶቹ ደግሞ ዕድሜ ወሰዱ። 14 ቁጥር ቀሚስ ማለት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ትለብሰዋለች ተብሎ የታሰበ ቀሚስ ነበር። ዕድሜ አካልን እንደማይለካ ለማወቅ የአንድ ክፍል ተማሪዎችን በሰልፍ ማየት ይበቃል። ቁጥሩ ግን ከዕድሜው ተነጥሎ፣ ምንም ነገር ሳይለካ፣ ቁጥር ብቻ ሆኖ ቀረ። የዛሬው 8፣ 10፣ 12 የዚያ ዘር ነው።

ውጤቱ ትርምስ ነበር። በፖስታ ካታሎግ የሚሸጡ ድርጅቶች የላኩት ልብስ «አልሆነኝም» እየተባለ ይመለስባቸው ጀመር። በ1939 እና በ1940 የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የቤት ኢኮኖሚ ቢሮ ሥራውን ያዘው። ሩት ኦብራየን እና ዊሊያም ሼልተን የሚባሉ ተመራማሪዎች የመሩት ቡድን ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴቶችን ለካ። ከእያንዳንዷ የተወሰደው ልክ 59 ዓይነት ነበር። ልብስ ሰፊ የሚያውቃቸው ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌና እጅጌ ብቻ አይደሉም፤ ስትቀመጥ ዳሌዋ ምን ያህል እንደሚሰፋ ሳይቀር ተለክቷል። ይህን ያህል የተደከመበት ሥራ ሊከበር ይገባዋል፣ እኔም አከብረዋለሁ። ቁም ነገሩ የተለካችው ማን ናት የሚለው ነው። ለሚለኩት ሴቶች ትንሽ ክፍያ ነበረ፤ ጊዜው የኢኮኖሚው ድቀት ማግስት ስለነበር የመጡት በብዛት ያችን ገንዘብ የሚፈልጉ ድሆች ነበሩ። ጥቁርና ሌሎች ነጭ ያልሆኑ ሴቶች ደግሞ ከተለኩ በኋላ ልካቸው ከስሌቱ እንዲወጣ ተደረገ። ተሰልፈው፣ ቆመው፣ ተለክተው ሲያበቁ አልተቆጠሩም።

ይህን ስናገር ልቤ ይቆጣል። በዚያ ስሌት ያልነበረች ሴት ልብሱ ትከሻዋ ላይ ሲጠብባት ወይም ዳሌዋ ላይ አልወጣ ሲላት፣ ጉድለቱን በራሷ አካል ላይ ነው የምትፈልገው። መጀመሪያውኑ ሳትታሰብ ለተቆረጠ ልብስ አካሏን ትወቅሳለች።

ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ብሔራዊ የልኬት ቢሮ ያንን መረጃ እንደገና መረመረው፤ በሴት ወታደሮች ላይ የተወሰደ ልክም ጨመረበትና በ1958 የመጀመሪያው የሴቶች ልብስ መለኪያ ወጣ። በዚያ መለኪያ ትንሹ ቁጥር 8 ሲሆን ትልቁ 38 ነበር። የቁመት ምልክትም ነበረው፤ ረጅም፣ መካከለኛ፣ አጭር። የዳሌ ምልክትም እንዲሁ ነበረው፤ ሰፊ ዳሌ የመደመር፣ ጠባብ ዳሌ የመቀነስ ምልክት ይደረግበት ነበር። አንድ ቁጥር ብቻውን ሴትን እንደማይገልጽ ያወቁ ሰዎች ሥራ ነው። የያኔው 8 ቁጥር ደረቱ 79፣ ወገቡ 60፣ ዳሌው 82 ሴንቲ ሜትር ተኩል ግድም ነበር። ዛሬ ወገቧ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነች ሴት አሜሪካ ሱቅ ብትገባ 8 ቁጥር ከላይዋ ወርዶ ይወድቃል። ለእሷ የሚሆነው ዜሮ፣ አለዚያም ድርብ ዜሮ የተጻፈበት ነው። በ1958 ዜሮ የሚባል ሳይዝ አልነበረም፤ ከ8 በታች የሚወረድበት ደረጃ አልነበረምና።

ዜሮ ከየት መጣ? አምራቾቹ ልብሱን እያሰፉት ቁጥሩን ግን እንዳለ ስለተዉት መጣ። ትናንት 12 የነበረው ልብስ ዛሬ 10 ተለጠፈበት፣ ነገ 8። ገዢዋ «ቀጭን ሆኛለሁ» ብላ ደስ ብሏት እንድትገዛ ነው። መለኪያውን መከተል ግዴታ አልነበረም፤ በ1970 ገደማ ሲሻሻል በፈቃደኝነት የሚያዝ መሆኑ ተነገረ፣ በ1983 ደግሞ መንግሥት ጭራሽ ሰረዘው። ከዚያ ወዲህ በግል የመለኪያ ድርጅት የወጡ ሠንጠረዦች አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ አምራቹ ከፈለገ የሚይዛቸው፣ ካልፈለገ የሚተዋቸው ናቸው።

ይህ ግምት ነው የሚል ካለ ማስረጃው በልብስ ስፌት መደብር ይገኛል። ቤታቸው ለሚሰፉ ሴቶች በወረቀት ታትሞ የሚሸጥ ፓተርን አለ። የፓተርን አሳታሚዎች ቁጥራቸውን ለመጨረሻ ጊዜ ያስተካከሉት በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ አልነኩትም ማለት ይቻላል። በፓተርን 12 ቁጥር ዛሬም ደረቱ 34 ኢንች፣ ወገቡ 26 ኢንች ተኩል፣ ዳሌው 36 ኢንች ነው፤ በሴንቲ ሜትር 87፣ 67 እና 92 ገደማ መሆኑ ነው። ያችው ሴት ከአሜሪካ ሱቅ ስትገዛ የሚሆናት ከ2 እስከ 4 ቁጥር ነው። የፓተርኑ ፖስታ ጀርባ ላይ የአካል ልክ በኢንችና በሴንቲ ሜትር ታትሟል። ልኩ የተጻፈበት ቁጥር ከቦታው አልተንቀሳቀሰም፤ ልኩ ያልተጻፈበት ግን እንደ ገበያው ፈቃድ ሄደ። በየገበያው ያለ እህል ነጋዴ የየራሱን ቁና ይዞ ቢመጣና «አንድ ቁና ነው» እያለ ቢሰፍርልን ዝም እንላለን? ለቀሚስ ግን ዝም ብለናል።

አንዳንድ ነጋዴዎች «ሴቶቹ ራሳቸው ትንሽ ቁጥር ይወዳሉ፣ ብናስደስታቸው ምን ጥፋት አለው?» ይላሉ። ነገሩን በቁም ነገር እንየው። በ2014 የታተመ አንድ የሸማቾች ባሕርይ ጥናት የደስታውን ሌላ ገጽ መርምሯል። ከለመዱት ሳይዝ የሚበልጥ ቁጥር ሲሆናቸው ሰዎች ልብሱን እንደሚጠሉት፣ ስለ ራሳቸው መልክ ያላቸው ስሜትም እንደሚጎዳ፣ ያንንም ለመካስ ሳይዝ የሌላቸውን ሌሎች ነገሮች ወደ መግዛት እንደሚያዘነብሉ አሳይቷል። እንግዲህ በአንዱ ሱቅ የተሰጣት ደስታ በቀጣዩ ሱቅ ይነጠቃል ማለት ነው። አንድ ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት እናቷ ልብስ ልትገዛላት ይዛት ስትወጣ፣ ልጅቱ በቁጥሩ ራሷን መመዘን የምትማረው እዚያው መለኪያ ክፍል ውስጥ ነው። ይህን ትምህርት የሚሰጣት ደግሞ የማስታወቂያ ክፍል ያወጣው ቁጥር ነው።

ሆን ተብሎ የሚደረገውን ካየን፣ ሳይታሰብ የሚሆነውን እንይ፤ ፋብሪካ ውስጥ እንግባ።

አንድ ድርጅት አዲስ ሱሪ ሲያወጣ መጀመሪያ የሚሰፋው አንድ ናሙና ነው። ናሙናውን የምትለብስ አንዲት ሴት ትቀጠራለች። ሱሪው በእሷ ላይ ቀጥ ብሎ እስኪቀመጥ ይጠባል፣ ይሰፋል። የእሷ ዳሌ የድርጅቱ ዳሌ፣ የእሷ ወገብ የድርጅቱ ወገብ ይሆናል። ሌላው ድርጅት ሌላ ሴት ቀጥሯል፤ ስለዚህ የሁለቱ ድርጅቶች «አንድ ሳይዝ» ሁለት ሴቶች ናቸው። ከናሙናው ተነሥተው ፓተርን ቆራጮች ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይዙን ያባዛሉ፤ በትንንሾቹ መካከል አንድ ኢንች፣ በመካከለኞቹ አንድ ተኩል፣ በትልልቆቹ ሁለት እየጨመሩ። አካል ግን በሁሉም በኩል በእኩል አይጨምርም። ክብደት የጨመረች ሴት ሆዷና ጭኗ ይሞላል እንጂ የትከሻዋ አጥንት አይረዝምም። ትልልቅ ሳይዝ ልብስ ወገብ ላይ ልክ ሆኖ ትከሻ ላይ የሚንሸራተተው ለዚህ ነው።

ከዚያ መቁረጥ አለ። ጨርቁ ድርብርብ ሆኖ ይነጠፍና በአንድ ጊዜ ይቆረጣል። የሚለጠጥ ጨርቅ ከጥቅሉ ሲፈታ ተወጥሮ ስለሚወጣ፣ ከመቆረጡ በፊት ተዘርግቶ ማረፍ አለበት። ቸኩለው ከቆረጡት ከተሰፋ በኋላ ይሰበሰባል፤ ሱሪው ጠበበ ማለት ነው። ሲሰፋ ደግሞ በመርፌው ወዲህና ወዲያ ሚሊ ሜትሮች ይጠፋሉ። ፋብሪካው ይህን ያውቃልና የስሕተት ወሰን ይፈቅዳል። ለሱሪ ወገብ ግማሽ ኢንች በላይ ወይም ግማሽ ኢንች በታች የተለመደ ነው። አንዱ ሱሪ በላይኛው ጠርዝ፣ ሌላው በታችኛው ጠርዝ ቢወድቁ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ይለያያሉ፤ ሁለቱም ጥራት ተቆጣጣሪውን አልፈው አንድ ቁጥር ተለጥፎባቸው ይሸጣሉ። ጅንስ ከሆነ እጥበቱ ይጨመርበታል። የተለያየ ቀለምና እጥበት ያለፈባቸው ሁለት ጅንሶች የሚሰበሰቡት በተለያየ መጠን ስለሆነ፣ ከአንድ ፓተርን ወጥተውም ጥቁሩ ጠቦ ሰማያዊው ሊሰፋ ይችላል። ስለዚህ ቀለም ሲቀየር እንደገና መለካት የተገባ ነው፤ «ይኸው ሳይዝ አለኝ» ብሎ መውሰድ አያዋጣም።

ይህን ሥራ የእኛም ልጆች ያውቁታል። በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ኢትዮጵያ በ2022 መጀመሪያ አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል እስክትወጣ ድረስ ለአሜሪካ ገበያ ልብስ በብዛት ይሰፋበት ነበር። መስመር ላይ ተቀምጠው የሚሰፉት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። የሳይዙን ጨርቅ አንገቱ ሥር የምትሰፋው ልጅ ቁጥሩን አላወጣችውም፤ ልኩ ከገዢው ድርጅት በወረቀት ይመጣል። ልብስ ጠቦን «የማን ስፌት ነው ይሄ?» ብለን ስንናደድ፣ ቁጣችን የሰፋችው ልጅ ዘንድ እንዳይደርስ አደራ እላለሁ። ውሳኔው የተሰጠው እሷ ከተቀመጠችበት ወንበር በጣም ርቆ ነው።

ሌላው ችግር የአካል ቅርጽ ነው። የስፔን መንግሥት በ2007 ከትልልቅ ልብስ አምራቾችና ሻጮች ጋር ተስማምቶ ከ12 እስከ 70 ዓመት የሆኑ 10,415 ሴቶችን አስለካ። የተገኘው ሦስት ዋና ቅርጽ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ተመሳሳይ ስፋት ያላቸው፣ ወገባቸው ገባ ያለ፣ እና ከታች እንደ ደወል የሚሰፉ። አንድ ዓይነት ደረት ያላቸው ሦስት ሴቶች በእነዚህ ሦስት ቅርጾች ሊገኙ ይችላሉ። አንድ ቁጥር ለሦስቱም እንዴት ይበቃል? ሴት ስትወልድ፣ ስታጠባ፣ ዕድሜዋ ሲገፋ ደግሞ ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው ትሻገራለች። ይህ የተፈጥሮ ጉዞ ነው፤ የሚያሳፍርበት ምክንያት የለም።

ታዲያ ምን ይሻላል? መልሱ ተሠርቶ ያለቀ ነው። ሴንቲ ሜትር ይጻፍ። አውሮፓውያን ልብሱ ላይ ትንሽ የሰው ሥዕል ተስሎ በደረቱ፣ በወገቡና በዳሌው አጠገብ ልኩ በሴንቲ ሜትር እንዲጻፍ የሚያደርግ መለኪያ አውጥተዋል። ግዴታ ስላልሆነ አብዛኞቹ አምራቾች በለመዱት ቁጥር ቀጠሉ። ቻይናዎች ግን በአገራቸው ገበያ በሚሸጡት ልብስ ላይ ልኩን ይጽፋሉ፤ የቻይና ልብስ በመርካቶም በየቡቲኩም ስለሞላ ይህን ማንበብ ብትለምዱ ይጠቅማችኋል። ከውስጥ በኩል ባለችው ትንሽ ጨርቅ ላይ 160/84ኤ የሚል ብታገኙ፣ 160 የሴቲቱ ቁመት ነው፣ 84 የደረቷ ዙሪያ፣ ሁለቱም በሴንቲ ሜትር። ፊደሉ ቅርጿን ይናገራል። ደረቷ ከወገቧ ከ14 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ከሆነ ኤ ነው፤ ከ19 እስከ 24 ዋይ፣ ከ9 እስከ 13 ቢ፣ ከ4 እስከ 8 ሲ። ሱሪ ወይም ጉርድ ከሆነ ሁለተኛው ቁጥር ደረት ሳይሆን ወገብ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ የልብሱ ስፋት ሳይሆን ልብሱ የታሰበላት ሴት ልክ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያማርርበት ነገር መፍትሔ ያገኛል። የቻይናው ኤል ብዙ ጊዜ 165/88ኤ ነው፤ ደረቷ 88 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሴት። የአሜሪካው ኤል ግን 100 ሴንቲ ሜትር ገደማ ለሆነ ደረት ነው። «ድሮ ኤል ነበር የምለብሰው፣ አሁን ድርብ ኤክስ ኤልም አልበቃኝ አለ» የምትለው እኅት ከአሜሪካ ሰልባጅ ወደ አዲስ የቻይና ልብስ ስትሻገር ያገኛት ነገር ይኼው ሊሆን ይችላል። የአንዱ አገር ፊደል በሌላው አገር ፊደል ተተካባት እንጂ አካሏ ባለበት ነው።

በሌላ በኩል የእኛን የሐበሻ ቀሚስ አሠራር አስቡት። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለች ሙሽራ ሽሮ ሜዳ ስታዝዝ የሚጠየቀው ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ትከሻ፣ የእጅጌና የቀሚስ ቁመት ነው። በቴሌግራም ስድስት ቁጥር ትልካለች፣ ስድስቱም ሴንቲ ሜትር ናቸው። ባሕር ማዶ የተሰፋ ቀሚስ ሳትለካው የሚሆናት ለዚህ ነው። ለሁሉም ልብስ ልብስ ሰፊ ይቅጠር እያልሁ አይደለም፤ ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ርካሽ ነው፣ ብዙ ሰው ያለበሰ ጥበብ ነው። የምለው ያ ጥበብ ልኩን መጻፍ አይከብደውም ነው።

ልብስ የምትሸጡ ወገኖቼ፣ አንድ ሜትር ሱቃችሁ ውስጥ አንጠልጥሉ። ሱሪውን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርግታችሁ ወገቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩ፣ በሁለት አባዙት፣ ዋጋው በተጻፈበት ወረቀት ላይ ጻፉት። ዳሌውንም እንዲሁ። በስልክ የምትሸጡ ደግሞ ከፎቶው ሥር «ሳይዝ ኤም» ከማለት ደረቱን፣ ወገቡንና ርዝመቱን አስቀምጡ፤ የሚመለስባችሁ ልብስ ይቀንሳል፣ ከደንበኛ ጋር ያለው ጭቅጭቅም እንዲሁ። ገዢዎችም የደረት፣ የወገብና የዳሌ ልካችሁን ከነተለካበት ቀን ስልካችሁ ላይ ያዙ። ደረት በሞላው፣ ወገብ በቀጠነው፣ ዳሌ በሰፋው ቦታ ይለካል፤ ሜትሩ ቆዳን ይንካ እንጂ አይጫን።

አንድ ቀን የእኛም አገር የራሱን የሴቶች ልኬት ሠርቶ ለልብስ ፋብሪካዎቹ ይሰጥ ይሆናል፣ እንዲሰጥም እመኛለሁ። ያን ጊዜ ሜትሩን የሚይዙት ሰዎች ከ1939ኙ ሥራ ትጋቱን ይውሰዱ፣ አመራረጡን ይተዉ። አዲስ አበባ ለመለካት ቅርብ ስለሆነች ብቻ አዲስ አበባን ለክተው «ኢትዮጵያዊት ሴት ይህች ናት» አይበሉን። የአፋሯም፣ የጋምቤላዋም፣ የጎጃሟም፣ የቦረናዋም፣ ስድስት የወለደችውም፣ ያልወለደችውም፣ ጀርባዋ የጎበጠ አሮጊትም ትለካ፤ የተለካችም ከስሌቱ አትውጣ።